ሁለተኛው ቅጂ

ናዚክ በሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ነው ያረጀችው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ያለ ካርቦን ወረቀት አንድ ደብዳቤ አትመታም ነበር። ጨርሳም የላይኛውን ወረቀት ገለጥ አድርጋ፣ ከሥር ፊደሉ መውጣቱን ታያለች። ገና ጀማሪ ሳለች ካርቦኑን ገልብጣ አስገብታ ቅጂው ባዶ ሆኖ አግኝታዋለች። ከዚያ ወዲህ ሳታይ ወደ ማኅደር የላከችው ነገር የለም።

ቤት ያለው ኮምፒውተር የባሏ የፋይቅ ነበር። ፋይቅ ሲዶና ለሚኖረው ዓይነ ስውር ወንድሙ በየማለዳው ጋዜጣ እያነበበ ድምፁን ይቀዳበት ነበር። ወንድምየው ቀድሞ ሞተ፤ ፋይቅም ባለፈው ክረምት ተከተለው። ንባቡ ብቻ ቀረ። ናዚክ ሁልጊዜ አትሰማውም። መኖሩን ካወቀች ይበቃታል።

ነገሩን ያነሣችው ሞንትሪያል ያለችው ልጇ ሃናዲ ናት።

«እማ፣ የድሮው ሲስተም ጥበቃ በቅርቡ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ እንደ ልቡ ነው የሚገባው። አዲሱን አሁን ቀድመሽ ጫኚ።»

«የአባትሽ ድምፅ ቢጠፋብኝስ?»

«መጀመሪያ ቅጂ ያዢዋ። ደግሞ መሀል ላይ መብራት እንዳይሄድብሽ!»

«የመብራቱን ነገር ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

ናዚክ ከስክሪኑ ላይ «ፋይቅ» የሚለውን ወደ ትንሽ ዲስክ ገለበጠች። ከመቅጽበት አለቀ። ከዲስኩ ላይ ከፍታ አዳመጠች፤ ፋይቅ ጉሮሮውን ጠረገና ቀኑን ተናገረ። ቶሎ ዘጋችው። ዲስኩን ነቅላ፣ እርጥበት እንዳያገኘው የሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው።

ከዚያ መብራት መጠበቅ ሆነ። የሕንፃው ሰው በክፍያ የሚጋራው የጄኔሬተር መብራት አቅሙ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሲበዛበት ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚመጣውን የመንግሥት መብራት መረጠች። እሑድ ከቁርስ በኋላ መጣ። ሕንፃው እንደ ወትሮው ተንጫጫ፤ ፓምፑ ተነሣ፣ የልብስ ማጠቢያው ሁሉ መዞር ጀመረ። ናዚክ አማተበችና መጫን ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ ከሥሩ «ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ይላል።

ግማሹን እንዳለፈ መብራቱ ሄደ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ኮምፒውተሩ እህ ብሎ ነቃና ወዲያው ጠፋ። እንደገና ነቃ፤ እንደገና ጠፋ። ከደረጃው ሥር የጄኔሬተሩ ኃላፊ አቡ ናሲፍ እንደ ወትሮው «የሃናዲ እናት» ብሎ በልጇ ስም ጠርቷት ጮኸ።

«ኡም ሃናዲ! ያንቺ ብሬከር ነው የሚወርደው! ማሞቂያሽን አጥፊ!»

«የእኔማ አልበራም!»

«ታዲያ ጂኒ ነው ገላውን የሚታጠበው?»

መታጠቢያ ቤት ገብታ አየች። የውሃ ማሞቂያው ማብሪያ ተጭኗል። የመንግሥት መብራት ሲመጣ እጇ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል፤ ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው። አጠፋችው። መብራቱ ጸና። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች።

ዲስኩን ከሩዙ አውጥታ ፎቅ ላይ ወዳለችው ጎረቤቷ ወደ ዊዳድ ወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው? ሬሳ መሰልሽ እኮ!» አለች ዊዳድ።

«ባንቺ ላፕቶፕ ይህን ክፈችልኝ።»

ዊዳድ ከፈተች። ደግማ ነካካች። ፊቷ ላይ ያለው ሣቅ ጠፋ።

«ናዚክዬ፣ ይሄ እኮ ፎልደሩ አይደለም። ወደ ፎልደሩ የሚያሳይ ምልክት ነው የገለበጥሽው። ድምፁ ያለው እዚያው ኮምፒውተርሽ ውስጥ ነው።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ!»

«በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ነዋ የሰማሽው። ምልክቱ መንገዱን አሳየሽ፣ ያገኘሽው ግን እዚያው ያለውን ነው።»

ካርቦኑ ተገልብጦ ነበር። ናዚክ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች፤ ዊዳድ በነጠላ ጫማዋ ተከተለቻት። ከምትሽከረከረው ክብ ፊት ተቀመጡ። ናዚክ ዓይኗን ጨፍና የፋይቅን ድምፅ ለማምጣት ሞከረች። የጋዜጣው ቃል መጣላት፤ የሚያነበው ድምፅ ግን የራሷ ነበር። ዓይኗን ገለጠች።

«ተመልከቺ፣ ጻፈ!» አለች ዊዳድ።

«የቀድሞው ሲስተም እየተመለሰ ነው» ይላል።

የድሮው ስክሪን ሲመጣ ዊዳድ ድምፁን ልትከፍት እጇን ሰደደች። ናዚክ ያዘቻት።

«ቆዪ። መጀመሪያ ቅጂው።»

ዊዳድ እያሳየቻት ፎልደሩን ራሱን ገለበጠች። ይኸኛው ብዙ ቆየ። ሲያልቅ ነቅላ፣ «አሁን ባንቺ ላፕቶፕ ላይ» አለች።

ፎቅ ላይ ፋይቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀኑን ተናገረ። ቀጥሎም መብራት በቅርቡ እንደሚስተካከል የሚያበስር ዜና አነበበ። ዊዳድ አፏን በእጇ ያዘች። ናዚክ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

በማግስቱ የማሞቂያው ማብሪያ ላይ ፕላስተር ለጠፈችበትና በጄኔሬተሩ መብራት አዲሱን ሲስተም ጫነች። ዲስኩ ግን ዊዳድ ቤት ነበር። እስካሁንም እዚያው ነው።