ስለ ሐኪሙ መጻሕፍት ላወራ ሄጄ

በቅርቡ ስለ አንድ ሟች ቀዶ ሐኪም ንግግር እንዳደርግ ሶዶ ተጋበዝኩ። ሰውየው የአማርኛ ልቦለዶችን እየመዘገቡ፣ የእያንዳንዱን ታሪክ አሳጥረው ጽፈው ያለፉ ሊቅ ናቸው። ገና «ይህን ሁሉ አንብበው…» ከማለቴ ከበዴሳ የመጡ አዛውንት ተነስተው ሸሚዛቸውን ገለጡና «ይቺን የሰፏት እሳቸው ናቸው!» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አዳራሹ በሙሉ ጠባሳ ማሳየት ያዘ። አንዲት እናትማ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉት። በገንኩ።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ እኔ የመጣሁት ስለ መጻሕፍቱ ነው! ለመሆኑ አንዱን እንኳ ያነበበ አለ?»

ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

አዛውንቱ ሸሚዛቸውን እየከተቱ፣ «ታዲያ ማን አነበበላቸው? እሳቸው ከኦፕራሲዮን ክፍል መቼ ወጥተው? አልጋ ላይ ተኝተን አንብበን የነገርናቸው እኛ ነን። ሳንጨርስ ስፌት አይፈቱልንም ነበር» አሉኝ።