ደጊቱ ዓይኗን የምትጨፍንበት ሰዓት

ደጊቱ አሜሪካ አገር፣ ኮንየርስ በሚባል ከተማ ውስጥ ባለ መጋዘን ዕቃ ቆጣሪ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እየዞረች ካርቶን ቆጥራለች። ስለዚህ ጭንቅ ሲመጣባት የምታውቀው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ትቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2014 መስከረም ላይ ያስጨነቃት ልጇ ግሩም ነበር።

ግሩም አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ቡድኑ ኳሷን ወደፊት የሚወስዳት በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ግሩም አቅፏት ይሮጣል፣ ወይ ወርዋሪው ልጅ በአየር ላይ አሻግሮ ለሌላ ይልካታል። ስትወረወር ግሩምን የሚነካው እምብዛም ነው። ሲሮጥ ግን ሦስት አራት ጎረምሳ እንደ ናዳ ይወርድበታል። ቅዳሜ ጠዋት ፓይን ሌክ በምትባለው ከተማ ካለው ቤታቸው ፎቅ የሚወርደው የደረጃውን ድጋፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሰባ ዓመት ሽማግሌ በጎኑ ነው። ተው እንዳትለው፣ ልጁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚኖረው ለዓርብ ጨዋታ ነበር።

እናም ደብተር ይዛ ስታዲየም ገባች። በአንደኛው ረድፍ አናት «ወደቀ»፣ በሌላው «አልወደቀ» ብላ ጻፈች፤ ኳሷ በተነሳች ቁጥር ከሁለቱ ባንዱ ሥር ምልክት ታደርጋለች። ቡድኑ ኳሷን እንደ አዲስ በያዘ ቁጥር፣ ልክ መደርደሪያ እንደምትለይ፣ መስመር አሰመረች።

በሦስተኛው ጨዋታ አጠገቧ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዋ ሄርሜላ ነበረች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች።

«የዛሬው ስንት ደረሰ?»

«ሃያ ሰባት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን እንደ ካርቶን ኢንቬንተሪ አደረግሽው እኮ።» ቀጥላም፣ «ግን ልጠይቅሽ፤ ዓይንሽን የምትጨፍኚው ገና ኳሷን ሳይሰጡት ነው። እንደሚሰጡት በምን አወቅሽ?»

«መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ለሱ ነዋ የሚሰጡት። ይሄ ምን ዕውቀት ይፈልጋል?»

«የጨዋታውን ሕግ ታውቂዋለሽ?»

«በየት በኩል?»

«አንቺ ይህን ካወቅሽ፣ እነዚያ ማዶ ያሉት ተጋጣሚዎች አያውቁም ታዲያ?»

ቡድኑ ያን ቀን ተሸነፈ።

ሰኞ ደጊቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ሄደች። እንግሊዝኛዋ የመጋዘን እንግሊዝኛ ስለሆነ ግሩም ሊያስተረጉምላት ቆመ። «እማዬ ፕሊስ፣ ሰው ፊት ኢምባረስ እንዳታደርጊኝ» አላት ቀስ ብሎ። አሰልጣኙ ሽበታም፣ ግዙፍ ሰው ነበር። ደብተሩን ተቀብሎ ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀ።

«ወደቀ፣ አልወደቀ ነው የሚለው» አለ ግሩም፣ ጫማውን እያየ።

አሰልጣኙ አልሳቀም። ጣቱን ከየመስመሩ በታች ያሉት ምልክቶች ላይ እያሳረፈ ወረደ። በሦስቱ ጨዋታዎች ቡድኑ ሃያ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ሲጀምር፣ አሥራ ዘጠኙን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት «ወደቀ» ሥር ነበር። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሁልጊዜ በሩጫ ስለምንጀምር ተጋጣሚዎቻችን አውቀውብናል። መወርወር ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱን ማደባለቅ ነው። የትኛው እንደሚመጣ ማወቅ የለባቸውም።»

«ስለ ማሸነፉ አላውቅም» አለች ደጊቱ። «ሃያ ሰባት ግን ብዙ ነው በለው።»

ግሩም እየቀፈፈው ተረጎመ።

«ብዙ ነው» አለ አሰልጣኙ።

ዓርብ መጣ። ጨዋታው ሲጀመር ደጊቱ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሄርሜላ በክርኗ ጎሸመቻት፤ «ክፈቺ።»

ኳሷ አየር ላይ ነበረች። በመብራቶቹ መካከል እየተሽከረከረች፣ ለመውረድ ያልቸኮለች ትመስል ነበር። ግሩም ከታች ባዶ እጁን ቆሞ፣ እንደ ተመልካች ቀና ብሎ ያያታል። ደጊቱ ኳስ እንዲህ ውብ ነገር መሆኗን አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተጋጣሚዎቹ አመነቱ። ግማሾቹ ውርወራ ጠብቀው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ግሩም ሲሮጥ ፊቱ በር ተከፈተለት። አንዴ ማንም ሳይነካው አርባ እርምጃ ያህል ሲሄድ በዓይኗ በብረቱ አየች። በሦስት ነጥብ አሸነፉ። ወደቀ፦ አሥራ ሁለት። አሰልጣኙ በአንድ ጨዋታ ምንም ማለት እንደማይቻል ለግሩም ነግሮታል፤ ደጊቱ ግን የምትፈልገውን ቁጥር አግኝታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን ወደ ደረጃው ጣለች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው።

«እማዬ፣ የሚበላ አለ?»

ዞር ብላ ከደረጃው ሲወርድ እጁን አየች። ድጋፉን አልነካም።