ከጠርሙሱ ያመለጠው ዝናብ

ባሌ መርሳ ከተማ ውስጥ ዝናብ የሚለካ ሰው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ጓሯችን ውስጥ ወደቆመው የቆርቆሮ መለኪያ ይሄድና ያደረውን ውሃ በመስታወት ሰፍሮ ቅጽ ላይ ይጽፋል። ሰዉ «የሰማዩ ጸሐፊ» ይለው ነበር፤ እሱም ስሙን ይወደው ነበር። መለኪያውን የማጥበው፣ ቅጠል የወደቀበትን አፉን የምጠርገው፣ እሱ ወልድያ ሲውል የምለካው እኔ እንደነበርኩ ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ዛሬ እኔው አነሳዋለሁ።

ዝናቡ በመለኪያው አፍ ገብቶ ውስጥ ባለው ጠርሙስ ይጠራቀማል። ሲበረታ ጠርሙሱ ሞልቶ ወደ ውጪኛው ቆርቆሮ ይፈስሳል። የፈሰሰውም መለካትና መደመር እንዳለበት፣ ሊያስተምሩት ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች ሲነግሩት ምሳ ሳቀርብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባሌ ግን አይደምርም። ቆርቆሮውን ለእኔ ያቀብለኝና ፓፓያው ሥር ድፊው ይለኛል። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«ከጠርሙሱ ያመለጠ ትርፍ ነው። ትርፍ የእግዜር ነው፤ አይቆጠርም» አለኝ።

ደግሜ ስጠይቀው ከቅጹ ጋር ምን አገናኘሽ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። የእሱ ኩርፊያ እንደ ጭስ ቤቱን የሚሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። የምደፋውን ግን ከመድፋቴ በፊት በመስታወቱ እሰፍርና በልጄ ደብተር ጀርባ ቀኑንና ልኩን በአንድ በአንድ መስመር መጻፍ ጀመርኩ።

የሚያስፈሩኝ እነዚያ መስመሮች ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ክረምት አንድ መስመር ነው፤ ምንም የሌለበትም ክረምት አለ። እየቆየ ሦስት፣ አራት ሆነ፤ በኋላማ አንድ ገጽ ለአንድ ክረምት አልበቃ አለ። በልጉ ደግሞ እየተነነ ጠፋ። የሚዘንብባቸው ቀኖች አነሱ፤ በዘነበ ቀን ግን ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። በባሌ ቅጽ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እዚያ ኃይለኛው ዝናብ ሁሉ ከጠርሙሱ ልክ አያልፍም።

ባሌ ከሞተ በኋላ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ለወጣቶች ቤት መሥሪያ ሊሸነሽን ተነሳ። ዕጣው ለልጄም ደረሳት። የመጣው ቀያሽ የዝናቡን መዝገብ አይቶ ውሃው እዚያ ድረስ አይወጣም አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ «የወንድሜ እጅ ያረፈበት መዝገብ» እያለ በየስብሰባው ይኩራራበት ነበር። ደብተሬን ይዤ ሄድኩና ሰው ፊት ተነሳሁ። ጋሼ፣ ወንድምዎ የፈሰሰውን አልጻፈም፤ ያን ቦታ ጎርፍ ይበላዋል አልኩ። ከጎረቤታችን ከግራና የመጣ አንድ ገበሬ ብቻ፣ ወላሂ እውነታቸውን ነው፣ የኛም ወንዝ አልጋውን ለቆ ማሳ ገብቷል ብሎ አገዘኝ።

ወንድምየው ሳቀ። «ፊደል የቆጠረው እሱ፣ ውሃ ስትደፊ የኖርሽው አንቺ። አሁን መሬት ከገባ በኋላ ልታርሚው ነው?»

ሰዉም አብሮት ሳቀ። ልጄ አንገቷን ደፋች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ልጄም ቤቷን እዚያው ሠራች።

በዚህ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ በምዕራብ ያለው ተራራ ጠቆረ። በረዶው መጀመሪያ መጣ፤ ከዚያ ዝናቡ። ጥቂት ቆይቼ አሁንም ጓሮዬ የቆመውን መለኪያ ብከፍት ውጪኛው ቆርቆሮም አፉ ድረስ ሞልቷል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ወደ ልጄ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ።

ልጄ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «እማ፣ ደግሞ ልታስፈራሪኝ መጣሽ?»

የልጅ ልጄን ከአልጋው አንስቼ አቅፌ ወጣሁ። ለልጇ ስትል እየተቆጣች፣ በጭቃው እየተንሸራተተች ተከተለችኝ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ከኋላችን የድንጋይ መንከባለል ተሰማ፤ ውሃው ድንጋይና ግንድ እየነዳ መጣ። የልጄ ቤት የወንዙ በኩል ግድግዳ ሲወድቅ አየን። ድምፁን አልሰማነውም፤ የጎርፉ ድምፅ ሁሉን ውጦት ነበር።

በማግስቱ ወንድምየው መጥቶ የእግዜር ቁጣ ነው አለ። የምለው ሞልቶኝ ነበር፤ ዓመታት ያጠራቀምኩት። ልጄ ግን ቀደመችኝ፤ የዞረችው ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ነው።

«ቅጹን ሊወስዱ ይመጡ ለነበሩት ሰዎች አንድ ቀን ብትነግሪያቸውስ?»

«አባትሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የአባባን ኩርፊያ ነው የፈራሽው» አለች።

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አሁን እኔ ጋ ናት። ክረምቱ አልወጣም፤ ዳመናው ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ ይቆማል፤ ከወንዙ ዳር የቀሩት ቤቶች አሁንም ጭስ ይታይባቸዋል። ልጄ በየደጁ አብራኝ ልትሄድ ተስማምታለች። የባሌን ስም ጠርቼ፣ የእኔን ዝምታም ጨምሬ፣ ከዚያ ውጡ እላቸዋለሁ። ይስቁብኝ ይሆናል። ሳቃቸውን አልፈራም፤ ባይሰሙኝ ግን እፈራለሁ።