የታፈሰ ዓርቦች

ታፈሰ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዲናገር እኔ የከሰርኩት አንድ የፊት ጥርስ፣ አሥራ ሁለት ብይና አምስት አለንጋ ነው። አስቀድሜ የተናገርኩት በኋላ ክርክር እንዳይነሳ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ኮልፌ ገና ባሕር ዛፍና ጭቃ ሳለች፣ እኔና ታፈሰ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። አባቱ ከከፋ የመጡ ማር ነጋዴ ስለነበሩ ደብተሩ ሳይቀር ማር ማር ይሸታል። ልጁ ግን ሲናገር ምላሱ ይያዝ ነበር። ዓርብ ዓርብ የአማርኛ አስተማሪያችን ምንባብ በቃላችን አስጠንተው በየተራ ቆመን እንድንል ያደርጉናል። ታፈሰ ታዲያ ዓርብ ሲደርስ ይጠፋና ቀራንዮ ጫካ ውስጥ ይውላል። ነገሩ ሲደጋገም አስተማሪው «ከእንግዲህ አንድ ዓርብ ብትቀር ትባረራለህ» አሉት። አባቱም «መናገር ካቃተው መጥቶ ማር ይመዝንልኝ» ብለው ቆረጡ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «እንዲህ ያለው በድንጋጤ ይለቃል» አሉኝ። እኔም ጆንያ አጥልቄ ከአጥር ጥግ ዘልዬ ወጣሁበት። ታፈሰ በያዘው የማር ጣሳ አፌን አለኝ።

«ይ... ይ... ይቅርታ» አለ፣ ጥርሴን ጭቃው ውስጥ እየፈለገ።

ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው «ታዲያ ካልደነገጠ እኔ ምን ላድርገው» አሉ።

ቀጥዬ ኋላ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ስድስት ልጆች እንዳይስቁበት ሁለት ሁለት ብይ ሰጠኋቸው። ዓርብ መጣ፤ ብዩን ኪሳቸው ከተው ሳቁ። ታፈሰ ላቡ እየወረደ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልፍ ተደወለ። አስተማሪው «እስክትጨርስ ድረስ ሁልጊዜ ባንተ ነው የምጀምረው» አሉት። ከሱ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ አላጠናሁም። ኋላ ወንበርም ያጠና አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ሰብስቤ አስረዳኋቸው፤ ይሄ ልጅ ቆሞ በቆየ ቁጥር እኛ እንተርፋለን።

ከዚያ ወዲያ ታፈሰ እንደ ሙሽራ ተያዘ። «ታፌ፣ ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ማን ያሳድድሃል?» ይሉታል ከኋላ። በዕድሜው እንዲዘገይ ሲለመን የመጀመሪያው ነው። በአራተኛው ዓርብ ዞር ብሎ አየን፣ ፈገግ አለና ጀመረ። ሁለት ቦታ ብቻ ተይዞ ጨርሶ ተቀመጠ። ደወሉ ገና ሩቅ ነው።

«ቀጣይ» አሉ አስተማሪው።

«ምነው ታፌ?» አልኩት እየተነሳሁ።

«እ... እኔ ምን ላድርግ፤ መጣልኝ» አለ።

አለንጋውን የቀመስኩት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ሰው ደውሎ «ሄሎ» እስኪባል እንኳ አይታገስም፤ ዘግቶ ሌላ ጋ ይደውላል። ታፈሰ ሲደውልልኝ ስሜን ጠርቶ እስኪጨርስ ሱቄ ውስጥ አንድ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ አላስቸኩለውም። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለን የአንድ ሰው ቃል የምንጠብቅበት ያ ዘመን ይናፍቀኛል። የጠበቅነው በስንፍናችን ቢሆንም።

የዚያ ዓመት ውጤት፦ ታፈሰ አለፈ፤ እኔ ደገምኩ።