ለአጎቴ ያስተረጎምኩበት ቅዳሜ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የእናቴ ታላቅ ወንድም አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ጆሯቸው ፈጽሞ ስለማይሰማ አማርኛውን ከአፋችን እያዩ ይረዱናል፤ እንግሊዝኛውን ከከንፈር መያዝ ግን አልሆነላቸውም።

ከሥራ ሲገቡ የጠረጴዛውን መብራት ያበሩና፣ ከወንዝ ዳር የለቀሙትን፣ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በየፖስታው እየከተቱ፣ ያኔ ድሮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለኖረ አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ይተርኩልኝ ነበር። እሱም እንደሳቸው ጆሮው አይሰማም፤ ከአውሮፓ ወደዚህ ወደ አሜሪካ በመርከብ መጥቶ፣ ቀን በእጅ ሥራ ቤተሰቡን እያበላ፣ በተረፈው ጊዜ ያንኑ ሽበትና ከከሰል ጉድጓድ የሚወጣውን፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ቅጠል ይመረምራል።

«በኋላማ ታላላቆቹ ሊቃውንት በሣጥን እየላኩ ‹ይኼ ምንድን ነው?› ይሉት ጀመር» ሲሉኝ ፊታቸው ይበራል።

አንድ ቅዳሜ ፖስታዎቻቸውን በጫማ ካርቶን ይዘው ዋሽንግተን ወዳለ ሙዚየም ወሰዱኝ። ቀጠሮውን እናቴ ደውላ ይዛላቸዋለች፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። የተቀበለችን ሴትዮ እያንዳንዱን በማጉያ መነጽር አየች። ሥራቸው ድንቅ እንደሆነ፣ በየቅዳሜው እየመጡ አብረዋት ቢሠሩ ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። «አንቺም አብረሽ ትመጫለሽ» ብላ ሳቀችልኝ።

በየቅዳሜው! ያን ቀን እንኳ እዚያው ዋሽንግተን አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የጓደኛዬ በርዝደይ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ምን አለች?» አሉኝ አጎቴ፣ ዓይናቸውን ከአፌ ሳይነቅሉ።

«ጥሩ ነው፣ ግን አያስፈልገንም አለች።»

ለሴትዮዋ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ያስቡበታል አልኳት። አጎቴ እጅ ነሥተው አመሰገኑና ካርቶኑን አነሡ። ሜትሮ ጣቢያው ስንደርስ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተቱት፤ አልወረወሩትም፣ በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ «ለልደቱ እንዳትዘገዪ» ብለው እጄን ያዙኝ። ደረስኩ። ኬክም በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዲነግሩኝ ስለምናቸው «አለቀ እኮ» ይሉኝ ነበር። ሲያርፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አፌን እያዩ አወሩኝ፤ አንድም ቀን እውነቱን አልነገርኳቸውም።

እናቴ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ወንድሜን እኮ ፈረንጆቹ ናቁት» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሶፍት አቀብላታለሁ።