የአጎቴ መርዶ በዋይት ሲቲ

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ለንደን ውስጥ ይህን ለማድረግ አስቀድሞ የሰዉን ሁሉ የሥራ ሽፍት መጠየቅ ያስፈልጋል እንጂ፣ ወጉን አልተውነውም።

አምና አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ ከመንደራችን ሰው ተከታትሎ ሄደ። መጀመሪያ ከቤታችን በላይ የሚኖሩት ሴትዮ አረፉ። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ገል ይዘው «እሳት ልጫር» እያሉ ይመጡ ነበር። የራሳቸው ጣራ ግን ይጨሳል። እናቴ ጭሱን እያየች «የእርስዎ እሳት ምን ሆነ?» ብላ ጠይቃቸው አታውቅም። ፍሙን ገሉ ላይ ታደርግላቸዋለች፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ወሬውን ሲያወሩ ፍሙ እዚያው አመድ ይሆናል፣ ባዶ ገል ይዘው ተመርቀው ይሄዳሉ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ተከተሉ። ቀብር ላይ ስለ ሟቹ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ውሸት ግን አይሆንላቸውም። አንድ ንፉግ ሰው በተቀበረ ቀን፣ ወንድማችን እጁ አይፈታም ነበር፣ በሬዎቹን ግን ከራሱ አስቀድሞ ያበላ ነበር ብለው ተናገሩ። ሚስትየው እያለቀሰች ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ አይቻለሁ።

ሦስተኛው አጎቴ ነው። እናትና አባቴ ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ በልጅነቴ «አንተ» ብዬ ስለጀመርኩ አንቱታው ሳይመጣ ቀረ። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ግማሹን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ የቀረውን ራሴ ፈልጌ ደረስኩበት።

ወንድሜ ከአገር ቤት ደውሎ ለእኔ በስልክ ነገረኝ። አንቺ ጠንካራ ነሽ ብሎ ነው። ለእትዬ ግን እንዳትተነፍሺ አለኝ። እትዬ የምላቸው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አጎቴ ታናሽ ወንድማቸው ነው። እዚሁ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ካሉት ፎቆች ባንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልባቸው ደካማ ነው፣ ሐኪሙም ድንገተኛ ነገር አይስማማቸውም ብሎናል። ከእናቴ እህትና ወንድሞች የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በእኔ አፍ ቢሞቱስ?

በዚያው ሰሞን የሐሞት ከረጢቴ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ስትሪትሃም ቤቴ ተኝቼ ነበር። ለብቻዬ አለቀስኩ፤ እሱም ሆዴን በትራስ ደግፌ ነው። ትንሽ ሲሻለኝ እትዬ ጋ መሄድ ጀመርኩ። ባስ ላይ ሆኜ የምለውን አሰናዳለሁ፣ የበሩን ደወል ስጫን ይጠፋብኛል። ከገባሁ በኋላ ፕሬዠራቸውን ቼክ አደርጋለሁ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ሳይ ደግሞ፣ ዛሬማ አይሆንም ብዬ ለሌላ ቀን አሳድረዋለሁ።

የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ወትሮ በር ሳልገባ «ወንድሜ ደወለ ወይ?» እያሉ ስለ አጎቴ የሚጣደፉት እትዬ መጠየቅ ተዉ። የሚጠይቁኝ ስለ ስፌቴ ብቻ ሆነ። ደረቀ ወይ፣ ያምሻል ወይ፣ ዕቃ አታንሺ፣ ብዪ እንጂ። እኔም ጌታ አስረሳልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ይህንን ሁሉ የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶችን ጸሎት ለምትመራው፣ ፊንስበሪ ፓርክ ለምትኖረው እህት። ለማንም ላትናገር አስምያታለሁ። በመጨረሻ ሲጨንቀኝ ደወልኩላትና፣ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሰብስቢልኝ፣ እንንገራቸው አልኳት። «ቅዳሜ?» አለች። ከዚያ የት ይሁን ብላ ጠየቀችኝ። የት ይሆናል፣ እሳቸው ቤት ነዋ፣ ስላት «ጥሩ፣ እዚያ መሆኑ ጥሩ ነው» ብላ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች።

ቅዳሜ ማለዳ ዋይት ሲቲ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ተገናኘን። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጡ የደንብ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም። ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ የመጣች አለች። ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ይዘዋል። ሊፍቱ ለሁላችን ስላልበቃ በየተራ ወጣን።

ሳንደውል በሩ ተከፈተ። እትዬ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ወንበር ከጎረቤት ተውሰው ደርድረዋል፣ ሻይ በቴርሞስ ቀርቧል። ማን ነገራቸው ብዬ ዞሬ ሰዉን አየሁ። እሳቸው ግን ሰዉን አላዩትም፤ የሚያዩት ሆዴን ነው። ክንዴን ይዘው ወደ ሶፋው ወሰዱኝ፣ መሀል ላይ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።»

«አንቺ ነሽ የምትቀመጪ። የታመመ ሰው አይቆምም።»

«ደህና ነኝ እኮ።»

«ዛሬ ደህና መሆን የለብሽም። ተቀመጪ አልኩሽ።»

እኔ እሳቸውን ስጎትት፣ እሳቸው እኔን ሲገፉ፣ ሰዉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ከፍተው ወደ የትኛችን እንደሚያነቡ ጠፍቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ተያይዘን ሁለታችንም ሶፋው ላይ ወደቅን። እትዬ ሁለቱንም እጆቼን ያዙ።

«ልጄ፣ ስፌትሽ ደርቋል አይደል? እንግዲህ በርቺ። ወንድሜ አርፏል። ካረፈ ቆየ። ስታለቅሺ ሆድሽ እንዳይፈታ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

«እኔም እኮ» አልኩ፣ «እኔም የመጣሁት ልነግርዎት ነው።»

እትዬ እኔን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ ያቺን እህት አዩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ታልቅስ ትሳቅ አላውቅም።

«ሁለታችሁም አስምላችሁኝ ምን ላድርግ?» አለች። «የእርስዎ ልብ ይሆናል፣ የእሷ ስፌት ይሆናል ስል ከረምኩ። እኔን ግን እንዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም።»

ለካ አንድ የአዲስ አበባ ዘመድ መርዶው ተነግሯል ብሎ ለማጽናናት ለእትዬ ደውሎላቸው ኖሯል። እግዚአብሔር ያጽናዎት ሲላቸው፣ ሰውየው እንዳያፍር ብለው አሜን ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብቻቸውን አለቀሱ። ሲበቃቸው ተነሥተው መድኃኒታቸውን ዋጡና የመጀመሪያ ሐሳባቸው እኔ ሆንኩ። ስፌቴ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ያቺኑ እህት አስምለው፣ በዚያው ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሰብስባ እኔን ቤታቸው እንድታመጣኝ ነግረዋት ኖሯል። እኔ ቤቴ በትራስ፣ እሳቸው ቤታቸው በመስኮት፣ አንዱን ሰው ለየብቻ ስናለቅሰው ከረምን።

የዚያን ቀን ግን አብረን አለቀስን፤ እንደ አገራችን፣ ሰው እየደገፈን። ልቤ ገና አልተረጋጋም ነበርና እያለቀስኩ እንኳ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ደህና ነበሩ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚያባብሉኝ። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሻይ ተቀዳ፤ እትዬ ፊታቸውን ጠረግ አድርገው ማውራት ጀመሩ።

«ወንድሜን በሬ የሚገዛ ሁሉ ገበያ ይዞት ይሄድ ነበር» አሉ። «የበሬን ነውር ከሩቅ ያያል። ይሄ ይዋጋል፣ ይሄ ጥርሱ አልቋል፣ ይሄ እርሻ መሀል ይተኛባችኋል ይላል። ለራሱ ሊገዛ ሲሄድ ደግሞ ያንኑ ነውረኛውን እየጎተተ ይመጣል። ምነው ስለው፣ ነውሩን ለገበያው ሁሉ አውጥቼበት አሁን ማን ይገዛዋል ይለኛል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ቀጠልኩ። እንዲህ አድርጎ በገዛው አንድ በሚያነክስ በሬ ምክንያት የአጎቴ እርሻ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነበር። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ሲያርስለት፣ እሱ ፊት ፊት እየሄደ ፈሩ ጠመመ እያለ ይቆጣቸው ነበር። እትዬ ሳቃቸው ሳል ሆኖባቸው ጀርባቸውን መታሁላቸው። ልብ ካገኘሁ አይቀር ብዬ የቀሩትንም ነገርኳቸው፤ እሳት የሚጭሩትንም ሴትዮ፣ ሽማግሌውንም። ስለ እነሱም አለቀሱ፣ ግን በልክ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሐኪም ቀጠሮ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ ፕሬዠራቸውን ለካች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ደግማ ለካች። ወርዷል። ምን አዲስ ነገር አደረጉ ብላ ጠየቀችኝ፣ አስተረጎምኩላቸው።

«አለቀስኩ በያት» አሉ።

እንዴት እንደምለው ትንሽ አሰብኩና ከቤተሰብ ጋር ብዙ እያወሩ ነው አልኳት። ይቀጥሉበት አለች ነርሷ፣ መድኃኒቱንም ሳትጨምር ሸኘችን።

ባስ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ ነርሷ እንዳዘዘችው ነው መሰለኝ ወዲያው ጀመሩ። «ያቺ እሳት የምትጭረው ሴትዮ እኮ» አሉ፣ «ስትዳር አልሄድም ብላ ከበቅሎ ላይ የዘለለች ናት። ይሄን እናትሽ አልነገረችሽም?»

አልነገረችኝም ነበር። ጠጋ አልኩ።