የቆርኪ ፊደል

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ታቦር ሠፈር ባለው የቀበሌ አዳራሽ ጎልማሶችን ፊደል አስተምር ነበር። ቤት ደግሞ የአራት ዓመት ልጄን በጨዋታ አስተምራታለሁ። የለስላሳ ቆርኪዎች ላይ በቀይ ቀለም ፊደል ጽፌ ሳፋ ውስጥ እበትናቸዋለሁ። «መ» ስላት ፈልጋ «መ»ን ታወጣለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ልቤ አበጠ።

አንድ ቀን ተማሪዎቼ ፊት አቆምኳት። እናንተ ትልልቆቹ ካቃታችሁ ይህችን እዩ ማለቴ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰሌዳው ላይ «መ» ጽፌ ምንድን ነው አልኳት። ዝም አለች። «ሰ» ጻፍኩ፤ አሁንም ዝም። ሰው ሁሉ ስላየኝ ተናድጄ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ ሕፃን ናት» አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ቤት ገብቼ ቆርኪዎቹን ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። የ«መ» ጎኑ ተጣሟል፣ የ«ሰ» ዝጓል። ልጄ የለየችው ፊደሉን ሳይሆን ቆርኪውን ኖሯል። ጨዋታውን ያበጀሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ «ለካ ስታታልይኝ ነው የኖርሽው» አልኳት። ይቅርታ መጠየቅ አማረኝ፤ ግን በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ በድንጋይ ስትቀጠቅጥ አገኘኋት። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው እማዬ። ሁለተኛ እንዳላታልልሽ።»

ክንዷ ላይ የቆነጠጥኩበት ገና አልጠፋም ነበር።